መጀመሪያ አንቴናውን ስቀል

ሰላም ለሁላችሁ።

በቅርቡ ከአገር ወጥቶ የመጣው ወንድማችን እዚህ የጠየቀው ነገር ትንሽ ቢመስልም ብዙዎቻችንን ነካክቷል። ቤት ተከራይቷል፣ ቴሌቪዥን አግኝቷል። በወር እየተከፈለ በሽቦ የሚገባውን ኬብል ላስገባ ወይስ በኢንተርኔት የሚታየው ስትሪሚንግ ይበቃኛል ነው ጥያቄው። ግማሾቻችሁ «ዛሬ ማን ቴሌቪዥን ያያል? ስልክህ ይበቃሃል» አላችሁት። ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ዜና በሰዓቱ የማይከፈትበት ቤት ቤት አይመስለኝም ብለው ጻፉ። እኔ ልቤ ወደ እርስዎ ያደላል። ምክንያቴን ግን ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ወንድሜ፣ ለማንም የባንክ ካርድህን ከመስጠትህ በፊት አንቴና ስቀል።

እኔ ከአገር ከወጣሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከሁለት ወጣቶች ጋር አንድ ቤት ተጋርተን ነው ያሳለፍነው። ኢንተርኔት አላስገባንም። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ትቶት የሄደ ቴሌቪዥን ነበር። አንደኛዋ ልጅ እንደ ወረቀት የሳሳ ጠፍጣፋ አንቴና ይዛ መጣች። መስኮቱ ላይ በፕላስተር ለጠፍነው። ቻናል እንዲፈልግ አዘዝነውና ሦስታችንም ቆመን ቁጥሩን እናያለን። አሥር በመቶ፣ ሠላሳ በመቶ፣ ምንም የለም። ነቅለን ወደ ሌላኛው መስኮት ወሰድነው። ያኔ ቻናሎቹ እየተከታተሉ መግባት ጀመሩ። ሃያ ሦስት ቻናል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የከተማውን ዜና ማየት ልማዳችን ሆነ።

ቋንቋውን ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር። ሰው ሲያወራው ግን አይገባኝም። ስለዚህ የግርጌ ጽሑፉን ከፍቼ፣ ዜና አንባቢዋ የምትለውን ከታች እያነበብኩ እሰማ ነበር። ይህ ጽሑፍ መጀመሪያ የተሠራው መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1993 አጋማሽ ጀምሮ (ቀንና ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በእ.ኤ.አ. ነው) 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ሁሉ ይህን ጽሑፍ የሚያሳይ መሣሪያ አብሮት እንዲሠራ በሕግ ግዴታ ሆነ። ለስንቱ ስደተኛ አስተማሪ እንደሆነ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት አይመስለኝም።

አንድ ቀን ሥራ ቦታ ሰዎች ስለተዘጋ ድልድይ ያወራሉ። የትኛው ድልድይ እንደሆነ አውቅ ነበር። ማታ በዜና አይቼዋለሁ። «እስከ ወሩ መጨረሻ አይከፈትም አሉ» አልኩ። ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ወሬያቸው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁት ያን ቀን ነው።

ስትሪሚንግ ይህን አይሰጥህም። ስትሪሚንግ የምትወደውን ጠይቆ፣ ያንኑ ደጋግሞ ያቀርብልሃል። አዲስ የመጣ ሰው ደግሞ ገና ምን ብሎ እንደሚፈልግ አያውቅም። ድልድዩ መዘጋቱን ካላወቅክ ስለ ድልድዩ ምን ብለህ ትፈልጋለህ? በአንቴና የሚገባው የአየር ሞገድ ቴሌቪዥን ሳትጠይቀው ይነግርሃል። ለአንተ የሚነግርህ ለጎረቤትህ የሚነግረውን ነው። ጎረቤትህን ገና ሳታውቀው አብራችሁ የምታውቁት ነገር ይኖራችኋል።

«አንቴና እኮ ከአናሎጉ ጋር ጠፍቷል» ያላችሁ አላችሁ። አልጠፋም። የጠፋው አናሎጉ፣ የድሮው ዓይነት ስርጭት ነው። አሜሪካ ዋና ዋና ጣቢያዎቿን ሰኔ 12 ቀን 2009 ወደ ዲጂታል አዞረች፤ እንግሊዝ በ2012 ጨረሰች። ዲጂታሉ ጥራት አለው፣ ግን እንደ ድሮው አይታገስም። ድሮ ሞገዱ ሲደክም ምስሉ በረዶ እየመሰለ ሰውየው ይታያል። አሁን ወይ ጥርት ይላል፣ ወይ አራት ማዕዘን እየሆነ ይቆራረጥና ይጠፋል። እና ባይሠራልህ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ። መስኮት ቀይር። ከፍ አድርገው። ማሰራጫው ወዳለበት አቅጣጫ አዙረው። ብረትና ወፍራም ግድግዳ ጠላቶቹ ናቸው። ቦታ በቀየርክ ቁጥር ደግሞ ፍለጋውን እንደ አዲስ አስጀምረው፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳና አንቴናው አይሠራም ይላል።

በዚህ አጋጣሚ ለአውሮፓ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ ደብዳቤ በፖስታ ቢመጣላችሁ ማስታወቂያ ነው ብላችሁ አትጣሉት። ጀርመን ውስጥ ከ2013 ጀምሮ የብሮድካስት መዋጮው የሚታሰበው በቤት ነው። ቴሌቪዥን ኖረህም አልኖረህም ይመለከትሃል። ዝም ካልክ ዕዳው ይቆለላል። የአንዳንድ ድጎማዎች ተጠቃሚ የሆነ ሰው ወይም መንግሥታዊ የትምህርት ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ አመልክቶ ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ግን ማመልከት አለበት። እንግሊዝ ደግሞ በማንኛውም ቻናል በቀጥታ የሚተላለፍ ነገር ለማየት የሚከፈልበት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በስልክም ይሁን በላፕቶፕ። ቢቢሲ ፕሮግራሞቹን በኢንተርኔት ለሚያሳይበት አይፕሌየርም እንዲሁ። ስዊድን ፈቃዱን በ2019 ትታ በግብር ተካችው። ፈረንሳይም በ2022 አንስታዋለች። አንዱ አገር ያለ ወዳጃችሁ የነገራችሁ ሌላው አገር አይሠራም።

ዲሽ አውርዱ ተብለናል ያላችሁም አላችሁ። ይህን ታሪክ ብታውቁት እወዳለሁ። ስቶክሆልም ዳር፣ ሪንኬቢ በሚባል ሰፈር፣ ከኢራቅ የመጡ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በአረብኛና በፋርሲ የሚተላለፉ ቻናሎችን የሚያዩት በዲሽ ነው። አከራዩ ውሉ አይፈቅድም፣ አውርዱ አላቸው። እነሱም ከግድግዳው አወረዱት። ከዚያ ማድ ቤት ውስጥ የብረት መቆሚያ አቆሙና ዲሹን በትንሿ መስኮት በኩል ወደ ውጪ ብቅ በሚል ክንድ ላይ ሰቀሉት። አከራዩ ከሰሳቸው። የአገሪቱ ፍርድ ቤት ለአከራዩ ፈረደ፤ ቤቱን ለቀው ወጡ። ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 ግን የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት መረጃ የማግኘት ነፃነታቸው ተጥሷል ብሎ ፈረደላቸው። ፍርድ ቤቱ ስለ ፖለቲካ ዜና ብቻ አላወራም። ከአገራቸው ባህልና ቋንቋ ጋር መገናኘት ለሚፈልጉ ስደተኞች መዝናኛውም ራሱ ትልቅ ዋጋ እንዳለው ጽፏል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ስርጭትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ በ1996 ያወጣው ደንብ አለ። በ1999 ተከራዮችንም እንዲያካትት ተደረገ። አንተ ብቻ በምትጠቀምበት በረንዳ ላይ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ዲሽ ብታቆም አከራይህ በደፈናው ሊከለክልህ አይችልም። የጋራ ጣሪያና የውጪ ግድግዳ ግን በዚህ አይሸፈንም።

እኔን ዛሬ የሚያሳስበኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ያ ቤተሰብ የሚከራከርለት ዲሽ ነበረው። አብዛኞቻችን ዛሬ የምናየው በአፕ ነው። አፑ «ይህ ይዘት እርስዎ ባሉበት አገር አይገኝም» ሲለኝ የት ሄጄ እከራከራለሁ? የማሳያ መብት በአገር በአገር ተከፋፍሎ ስለሚሸጥ ነው፤ ይገባኛል። ግን ድንበር የተሻገረ ሰው ኑሮው በአገር በአገር አልተከፋፈለም። ትናንት የነበረው ተከታታይ ፊልም ዛሬ ሲነሳ ማንም አስቀድሞ አይነግረኝም። ገዛሁት ያልኩት ፊልም እንኳ ብዙ ጊዜ የማየት ፈቃድ እንጂ የራሴ ንብረት አይደለም።

ስትሪሚንግን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። እኔም እከፍላለሁ፣ እኔም አያለሁ። ኔትፍሊክስ በ2007 ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር ሰው የወደደው በምክንያት ነው። ማስታወቂያ አልነበረም፣ ሰዓት አይጠብቅም፣ በፈለግክ ቀን ታቆማለህ። በ2016 ከ190 በላይ አገሮች ደረሰ። ከዚያ ሁሉም ኩባንያ የየራሱን ከፈተና ፊልሙን ወደየቤቱ ሰበሰበ። አሁን አንዱን ለማየት አንዱ፣ ሌላውን ለማየት ሌላው ይከፈላል። ኔትፍሊክስ ራሱ በ2022 መጨረሻ ማስታወቂያ ያለበት የክፍያ ደረጃ አመጣ፤ በ2023 ፓስዎርድ መዋዋስን መከልከል ጀመረ። ዞሮ ዞሮ የሸሸነው ኬብል በር በሩን አንኳኩቶ ተመልሷል። ሰዉ ግን ወደዚያው ነው። የቴሌቪዥን ተመልካች የሚለካው ኒልሰን የተባለ ድርጅት እንዳወጣው አሜሪካ ውስጥ በግንቦት 2025 ከቴሌቪዥን መመልከቻ ጊዜ 44.8 በመቶው የስትሪሚንግ ነበር። ኬብልና የአየር ሞገዱ ተደምረው 44.2 በመቶ ሆኑ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበለጡ ያ የመጀመሪያው ነው።

ዩቲዩብን ለይቼ ማመስገን አለብኝ። በ2005 ሲከፈት ማን አስቦት? ያለንባቸው አብዛኞቹ አገሮች ቻናሎች ለአማርኛ የሚተርፍ ሰዓት አልነበራቸውም። ዛሬ አንድ ሰው ስልኩን አቁሞ በቋንቋው ያስተምራል፣ ይሰብካል፣ ይተርካል። ልጆቻችን ፊደል የሚቆጥሩት እዚያ ነው። ይህን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ግን ለወላጆች አንድ ምክር፤ ቀጣዩን ራሱ የሚያጫውተውን ነገር አጥፉት። ለልጄ የአማርኛ ተረት ከፍቼ ማድ ቤት ገባሁ። ስመለስ ሌላ ቋንቋ የሚያወራ ሰው አሻንጉሊት ከካርቶን እያወጣ ነው። ልጄ ምንም አልነካችም። በሦስተኛው ቪዲዮ ላይ አማርኛው አልቋል።

አየር ሞገዱ ለዘላለም ይኖራል አልልም። የስዊዘርላንዱ የሕዝብ ጣቢያ በሰኔ 2019 የአንቴና ስርጭቱን ዘግቷል። እንግሊዝ ዋስትና የሰጠችው እስከ 2034 ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር ላይ ነው። ተመልካች ቀነሰ፣ ማሰራጫ ማቆየት ውድ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን አንድ ማሰራጫ የሚልከውን ሞገድ አንድ ቤት ቢያየው፣ ሚሊዮን ቤት ቢያየው ለማሰራጫው ለውጥ የለውም። ስትሪሚንግ ለእያንዳንዱ ተመልካች ለብቻው ይልካል። ለዚህ ነው በመጋቢት 2020፣ ሁሉም ቤቱ ሲዘጋ፣ የአውሮፓ ኅብረት ጠይቆ ኔትፍሊክስ በአውሮፓ የሚልከውን መጠን በሩብ ያህል የቀነሰው። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያይበት ቀን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ቀን ነው። ማዕበል ነው፣ እሳት ነው፣ ወረርሽኝ ነው። በዚያ ቀን ኢንተርኔት ያላስገባው ማን ነው? አዛውንቱና ገና ትናንት የገባው ሰው።

እናቴ ልትጠይቀኝ የመጣች ሰሞን የሆነውን ልንገራችሁ። ጠዋት ቴሌቪዥኑን ከፍቼላት ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ ስትሪሚንጉ ሲከፈት የሚጠይቀው «ማን ነው የሚያየው?» የሚለው ጥያቄ እንደተጻፈ ነው። ከሥሩ አራት ፊቶች አሉ፤ የኔ፣ የባለቤቴ፣ የሁለቱ ልጆች። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋለ። «ምነው እማዬ፣ አላየሽም?» አልኳት። በእጇ ወደ ፊቶቹ አመለከተችና «እኔ የለሁበትም» አለችኝ።

ያን ማታ እኔ ራሴ ፈዝዤ ቀረሁ። ቤቱ ውስጥ አምስት ሰው ነበርን። ባለቤቴ በጆሮ ማዳመጫ፣ ልጆቹ በየታብሌታቸው፣ እኔ በስልኬ። አንድ ላይ ያየነው ነገር ምን እንደነበር ማስታወስ አቃተኝ። በማግስቱ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ የነበረውን ያን የድሮ አንቴና አውጥቼ ሰካሁት። ሪሞቱ ላይ አንዷን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ነካሁላት። እሷን ስትጫን የከተማው ቻናል ይመጣል። እናቴ ቋንቋውን አትችልም። የአየር ሁኔታዋን ልጅ ግን ወደደቻት። ካርታው ላይ ሰማያዊው ወደ ታች ሲወርድ አይታ «ነገ ደርበሽ ውጪ» ትለኛለች። አትሳሳትም ነበር። ልጆቼም ካርታው ሲመጣ ከየክፍላቸው ወጥተው፣ ሴት አያታቸው ነገን ስትናገር አጠገቧ መቀመጥ ለመዱ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ኬብሉን ለጊዜው ተወው። ስትሪሚንጉን አንድ ብቻ ያዝ፤ ሌላውን ስትፈልግ ያንን አቁመህ ትቀይራለህ። ያለህበት ቤት መስኮት ወደየት ያያል? ስንተኛ ፎቅ ነህ? ንገረንና አብረን እንፈልገው። ሰቅለህ ስትጨርስ ስንት ቻናል እንደገባልህ ጻፍልን።