ወደማናውቀው ከተማ ልንዛወር ነው፤ ቤት አሁኑኑ እንግዛ ወይስ እንከራይ?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ባለቤቴ ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ ተዛውሯል፤ እኛም ዕቃችንን ጠቅልለን ልንከተለው ነው። እዚያ ዘመድ የለንም። ሰፈሩን ከሰፈር አንለይም። የነበረንን ቤት ሸጠናል፤ የጎደለውን ከባንክ ለመበደር አስበናል። ሁለት ልጆች አሉን። እናቴም አብራን ናት፤ ጉልበቷን ያማታል።

ሦስት ቤት አይተናል። አንዱ መሀል ከተማ ያለ አፓርታማ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጠበብ ይላል፣ ግን ሥራ ቦታውም ትምህርት ቤቱም በእግር ይደረሳል። ሁለተኛው ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ዋጋውም ከሦስቱ ዝቅ ያለ። ሦስተኛው ኮረብታ ላይ ነው፣ አዲስ ሰፈር፣ ከሰገነቱ ላይ ከተማው በሙሉ ይታያል። ባለቤቴ ልቡ ኮረብታው ላይ ቀርቷል። የእኔ ደግሞ ግቢው ላይ። እናቴ «እናንተ ያላችሁት» ብላ ዝም። ደላላው «ሌላ ገዢ ቆሟል፣ ዛሬ ነገ አትበሉ» እያለ ቀኑን ሙሉ ይደውላል። አሁኑኑ እንግዛ ወይስ መጀመሪያ እንከራይ? ደግሞስ ሰው ያልኖረበትን ሰፈር እንዴት ያውቀዋል?

አትቸኩሉ፦
ተከራዩ እህቴ። አንድ ዓመት ሙሉ። ዝናቡንም ፀሐዩንም፣ ትምህርት ቤት ሲከፈትም ሲዘጋም ታዩታላችሁ። ለጉብኝት የሄደ ሰው የሚያየው ሻጩ ያሰማመረውን ቤትና ደላላው በመረጠው ሰዓት ያለውን መንገድ ብቻ ነው። «ሌላ ገዢ ቆሟል» የምትለዋ የደላላ ሰላምታ ናት፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ማለፍ ነው። ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው የሚላችሁ አይጠፋም። የማይሆን ቤት ገዝቶ በዓመቱ ለመሸጥ መንከራተት ግን የባሰ መጣል ነው፤ የደላላው፣ የውሉ፣ የስም ማዛወሪያው፣ የዕቃ መጫኛው ሁሉ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ደግሞ ባለቤትሽ ሥራውን ገና አልለመደውም። ባይስማማውስ?

የሦስት ልጆች እናት፦
አትቸኩሉ ያለው እውነት ነው፣ ግን ልጅ ላለው ሰው እንዲህ ቀላል አይደለም። ዘንድሮ አንድ ትምህርት ቤት፣ ለከርሞ ሌላ… ልጆቹ ገና ጓደኛ ማፍራት ሲጀምሩ ይነቀላሉ። ስለዚህ ኪራዩን ልትገዙ ባሰባችሁበት ሰፈር አድርጉት፤ በኋላ ብትገዙም ልጆቹ እዚያው ይቀጥላሉ። ትምህርት ቤት አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂ፣ በልጆቼ ክፍል ቦታ አለ ወይ በዪ። ሕንፃው ኖሮ የተመዝጋቢው ወረፋ የትየለሌ ሊሆን ይችላል። ተማሪዎች በሚለቀቁበት ሰዓት ሂጂና በሩ ላይ ከሚጠብቁት ወላጆች ጋር ጨዋታ ጀምሪ። ውሃ ይጠፋል ወይ፣ የትኛው መንገድ በማታ አይኬድበትም፣ የትኛው አስተማሪ ልጅ ያስለቅሳል፣ ሁሉንም ሳትጠይቂ ይነግሩሻል።

እናትሽን ግን ዝም አሉ ብለሽ አትለፊያቸው። «እናንተ ያላችሁት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚለው ነገር አለው። አፓርታማው ሊፍት አለው? ሲበላሽስ ማን ነው የሚያሠራው፣ ምን ያህል ጊዜስ ቆሞ ይከርማል? የሌሎቹ ቤቶች መኝታና መታጠቢያ ምድር ላይ ናቸው ወይስ ደረጃ ይወጣል? ካለ መኪና ከቤት የማይወጣበት ሰፈር ካስገባሻቸው፣ እናንተ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስትውሉ እሳቸው ግድግዳ ሲያዩ ነው የሚውሉት። ሐኪም ቤቱም በምሽት ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ሰው አትጠይቂ፣ ራስሽ ሄደሽ እዪው።

ቁጥር ይናገር፦
እኔ እይታና ግቢ ውስጥ አልገባም፣ ሒሳብ ብቻ። የወንዝ ዳሩ ቤት ከሥራ ቢርቅና በአንድ ጉዞ 40 ደቂቃ ቢጨምር፣ ደርሶ መልስ 80 ደቂቃ ነው። በዓመት 220 የሥራ ቀን ብንይዝ 293 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ ከ36 የሥራ ቀን በላይ ነው፣ መንገድ ላይ የቀረ። ነዳጅና የመኪና ጥገና ሲጨመርበት ርካሽ ያላችሁት ቤት ርካሽ መሆኑን እንጃ።

ብድሩን ደግሞ እንዲህ እዩት። 100 ሺህ በ10 በመቶ ቋሚ ወለድ፣ በ20 ዓመት የሚከፈል ተበደራችሁ እንበል። በየወሩ የምትከፍሉት 965 ገደማ ነው። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 833ቱ ለወለድ ይሄዳል፤ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 132 ብቻ። አምስት ዓመት አንድም ወር ሳትዘሉ ከፍላችሁ ገና 89,800 አካባቢ ቀሪ ዕዳ አለባችሁ። ይህን የምለው ላስፈራራ አይደለም። ሥራው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚወስዳችሁ ከሆነ፣ የቤቱ ዋጋ ደህና ካልጨመረ በቀር፣ መግዛቱ ከኪራይ የሚተርፍ ነገር የለውም። ወለዱ የሚለዋወጥ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት በ12 በመቶ አስሉት፤ ያው ብድር ወርሃዊ ክፍያው ወደ 1,101 ይደርሳል። ያንን ስትከፍሉ ወሩን መዝለቅ ካልቻላችሁ ብድሩ በዝቶባችኋል።

ግንበኛው፦
ሥራዬ ግንባታ ነው። ቤት በዝናብ ቀን ነው የሚታየው። ዘንቦ ሳያባራ ሂዱ፣ ውሃው ከጣሪያው ወርዶ የት እንደሚሄድ ተከተሉት። ወደ መሠረቱ ተመልሶ የሚተኛ ከሆነ ችግር አለ። ግድግዳው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አታስደንግጣችሁ፣ የልስን ነገር ነው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስታ ሰያፍ የምትሄድ፣ ስፋቷም ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ስንጥቅ ካያችሁ ግን መሐንዲስ ሳያያት አትፈርሙ። በተለይ መሬቱ ጥቁር አፈር ከሆነ፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል ይጥለዋል። በሮቹን ሁሉ ክፈቷቸው ዝጓቸው። አንዱ እየተላተመ አልዘጋ ካለ ለምን በሉ። ክፍሉ በሙሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ከተቀባ፣ ከታች በኩል ነጭ ዱቄት መሳይ ጨው ካለ፣ እርጥበት ተሸፍኗል ማለት ነው። አፍንጫችሁንም እመኑት።

አሁን ወደ ቤቶቻችሁ። ወንዝ ዳሩ ጋ ስትሄዱ ቤቱን አትዩ፣ የጎረቤት አጥር እዩ። ሻጩ የራሱን አጥር ቀብቶ ይሆናል፣ የጎረቤቱን ግን አልቀባም። የደረቀ የጭቃ መስመር አጥሩ ላይ ካለ ውሃው እስከዚያ ደርሷል። በሰፈሩ ቤቶች የመብራት ሶኬቱ ያለወትሮው ከፍ ብሎ ተሰቅሎ ካየህ ሰውየው የሆነ ነገር ያውቃል።

ኮረብታው ላይ ደግሞ የድጋፍ ግንቡን ፈልጉ። ውሃ የሚያስተነፍሱ ቀዳዳዎች አሉት? አብጧል? ዘመም ብሏል? ተዳፋቱ ላይ ያሉትን ዛፎችም ተመልከቱ፤ ግንዳቸው ከሥሩ ጎበጥ ብሎ ወደ ላይ የቀና ዛፎች በርከት ካሉ አፈሩ በዝግታ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ሌላው ውሃ ነው። ከፍታ በ10 ሜትር በጨመረ ቁጥር የውሃው ግፊት በ1 ባር ገደማ ይቀንሳል። የወጥ ቤቱን ቧንቧና ሻወሩን አንድ ላይ ክፈቱ፣ ሽንት ቤቱንም ልቀቁ፣ ከሻወሩ የሚወርደው ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። ከሰገነቱ ፊት ያለው ባዶ መሬትም የማን እንደሆነ አጣሩ። ነገ ሕንፃ ከቆመበት የከፈላችሁበት እይታ የጎረቤት ግድግዳ ይሆናል።

ዝምታ ወዳድ፦
ሰው ሁሉ ስለ ጆሮው ይረሳል። ሰፈሩን በሥራ ቀን ጠዋት መግቢያ ሰዓት ላይ እዩት፣ ከዚያ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሄዳችሁ መኪና ውስጥ ቁጭ በሉ። ከባድ መኪና የሚያልፈው ሌሊት ነው፣ ጭፈራ ቤቱም የሚከፈተው ሌሊት ነው። አውሮፕላን ማረፊያ በቅርብ ካለ ደግሞ አንድ ቀን ጸጥ ብሎ ስላገኛችሁት አትመኑት። አውሮፕላን የሚነሳውም የሚያርፈውም ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ ነው፤ የነፋሱ ወቅት ሲቀየር መስመሩ ዞሮ በእናንተ ጣሪያ ላይ ሊሆን ይችላል።

መንገደኛዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት አዲስ ነገር አለ። የወንዝ ዳሩን ቤት ባለቤት ስለ ጎርፍ ጠየቅኩት፤ «አንዴ ገብቷል፣ ግን እሱ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ዓይነት ነው፣ በእናንተ ዕድሜ አይደገምም» አለኝ። ኮረብታው ላይ ያለውን ቤት ደግሞ የሚሸጠው ባለቤቱ ሳይሆን ውክልና ያለው ሰው መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው አሉ። ይሄ ችግር አለው?

ቁጥር ይናገር፦
«በመቶ ዓመት አንዴ» ማለት ከመጣ በኋላ 99 ዓመት ያርፋል ማለት አይደለም። በእያንዳንዱ ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። አምና መጥቶ ዘንድሮ ሊደግም ይችላል፣ የሚከለክለው የለም። 30 ዓመት ብትኖሩበት ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው፣ ከአራት አንድ በሉት። ይሄም ላይኛው ተፋሰስ ላይ ደኑ ካልተመነጠረና አስፋልትና ቆርቆሮ ካልበዛ ነው፤ እነሱ ሲበዙ ውሃው ወደ ወንዙ ቶሎ ይደርሳል። ከሻጩ ጋር ከመከራከር ለኢንሹራንስ ደውይና ለዚያ ቤት የጎርፍ ዋስትና ስንት ነው በይ። ዋጋውን ከሰቀሉት ወይም አንገባበትም ካሉ መልሱን አገኘሽ።

የሰነድ ሰው፦
ውክልና በራሱ ነውር የለውም፣ ብዙ ቤት በውክልና ይሸጣል። ግን ወረቀቱን አንብቢው። መሸጥን በግልጽ ይፈቅዳል? በብዙ አገር ሕግ «ያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና መሸጥን አይጨምርም። አለመሻሩን የሰጠው ክፍል ሄዳችሁ አረጋግጡ። ወካዩም በሕይወት መኖሩን። አብዛኛውን ጊዜ ወካዩ ከሞተ ውክልናውም አብሮት ያበቃል፣ ወረቀቱ ግን ተወካዩ እጅ ይቀራል፤ ተንኮሉ የሚሠራው በዚያ ነው። ባለቤቱን በቪዲዮ አነጋግሩት፣ በእርግጥ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ባለትዳር ከሆነ የሚስቱም ስምምነት ይጠየቅ።

የባለቤትነት ሰነዱን ደላላው ባመጣላችሁ ኮፒ አትመኑ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ራሳችሁ ሄዳችሁ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ የባንክ ዕዳም ሆነ የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት በጽሑፍ ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስፋት መሬቱ ላይ በሜትር ለኩት፤ አዲስ ሰፈር ላይ አጥር ወደ ጎረቤት መግፋት የተለመደ ነው። የከተማውን ፕላንም እዩ፣ በግቢው መንገድ ሊያልፍ ታቅዶ ይሆናል። ገንዘቡ የሚገባው በባለቤቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው። በደላላ ሒሳብ አይገባም፣ በተወካዩ ወንድም ሒሳብ አይገባም።

አትቸኩሉ፦
እኔ አሁንም ተከራዩ እላለሁ።

መንገደኛዋ፦
ሃሃ፣ ሰምቻለሁ። ማታ እናቴን ለብቻዋ ጠየቅኳት። ኮረብታውን ስታይ ገና ከመኪና ሳትወርድ እንዴት ብዬ ነው የምወጣው ብላ አስባ ነበር፣ እኛን ላለማስከፋት ነው ዝም ያለችው። ወንዙን ትተነዋል። አፓርታማው ካለበት ሰፈር የሚከራይ ምድር ቤት እየፈለግን ነው፣ ባለቤቴ ግን ኮረብታውን እንዳያመልጠው ትንሽ ቀብድ ሰጥተን እናቆየው ይላል። ቀብድ ብቻ ቢሰጥ ምን ይጎዳል?

የሰነድ ሰው፦
ይጎዳል እንጂ። በብዙ ቦታ ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ቀረበት ነው። የግድ ከሰጣችሁ በጽሑፍ ይሁን፤ ባንኩ ብድሩን ቢከለክል፣ ሰነዱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ ቢገኝ፣ መሐንዲሱ ከባድ ጉድለት ቢያገኝ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል የሚል አንቀጽ ይግባበት፣ እስከ መቼ እንደሚመለስም ቀን ይቆረጥለት። ተወካዩ እዚህ ላይ አልፈርምም ካለ ባለቤትሽ ቀብዱን ይዞ ይመለስ።