ጥቆማ፦ ፌንጣና በረሮ መመገብ ለሚቀፋችሁ የሚሆን እንቁራሪት፣ ለድሬም ለሐረርም

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር አንዲት እህት ባለፈው ጠይቃኝ ነበር። ልጇ እንቁራሪት ማሳደግ ይፈልጋል። እሷ ደግሞ በህይወት ያለ ፌንጣ ወይም ትል ቤቷ እንዲገባ አትፈልግም፤ ይቀፋታል። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

አብዛኛው የየብስ እንቁራሪት ምግብን የሚያውቀው ሲንቀሳቀስ ነው። የሞተ ፌንጣ አፍንጫው ሥር ብታስቀምጡለት እንዳላየ ያልፈዋል። ስለዚህ እነዚያን ዓይናቸው ቀይ የሆነ የሚያምሩ የዛፍ እንቁራሪቶች በፎቶ አይታችሁ ከወደዳችሁ ፌንጣውንም አብራችሁ መቀበል አለባችሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ግን ምግባቸውን በማሽተትም ያገኛሉ። የሞተ ነገር ይበላሉ። ለኛ የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

አንደኛው ባለጥፍሩ የአፍሪካ እንቁራሪት፣ ዜኖፐስ ሌቪስ ነው። ምላስ የለውም። ምግቡን በሁለት እጁ እየጠራረገ አፉ ውስጥ ይከታል። ልጆች ይህን ሲያዩ ከገንዳው አጠገብ አይነሱም። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የእርግዝና ምርመራ በእሱ ይሠራ ነበር፤ የአንዲት ሴት ሽንት ለሴት እንቁራሪት ይወጉና፣ ሴትየዋ እርጉዝ ከሆነች እንቁራሪቷ በአንድ ቀን ገደማ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ወዲህ ላቦራቶሪዎች ሲያረቡት ስለኖሩ እንክብል ምግብ ለምዷል። ካደገ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን መመገብ ይበቃዋል። ግን አስቡበት፦ ከ15 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል።

ችግሩ ሙቀት ነው። ውሃው ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ቢሆንለት ይወዳል። እኔ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር እያለሁ አንድ ነበረኝ። ግንቦት ላይ ምግብ ተወ። ቆዳው ደበዘዘ፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ይውላል። ውሃውን ስለካው 29 ዲግሪ ሆኗል። በሦስተኛው ቀን በባልዲ ይዤው የደንገጎን ዳገት ወጣሁና ሐረር አክስቴ ጋ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ እንክብሉን ከእጇ መቀበል ጀመረ። ድሬ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ትጠጋለች። ለዚህ እንስሳ ያ ልዩነት የሞትና የህይወት ነው። ስለዚህ የሐረር ሰዎች፣ ይህኛውን ያለ ስጋት ያዙ።

ለድሬ የምመክረው ድንኩን እንቁራሪት ነው፤ ሃይሜኖኪረስ ይባላል። ከአራት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል። በረዶ የሆነ ቀይ የትንኝ እጭ ይበላል፤ የሞተ ነው፣ አይላወስም። ከፍሪዘር ቆንጥራችሁ በትንሽ ውሃ ታሟሙታላችሁ፣ ከዚያ በወረንጦ አፍንጫው አጠገብ ትይዙለታላችሁ። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ታገሱት። መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሽታው ሲደርሰው በአንዴ ይዘላል። ፈጣን ዓሣ ጋ አታድርጉት፣ ምግቡን ይቀሙታል።

የየብስ ካልሆነ ለምትሉ ፓክማን የሚባለው የደቡብ አሜሪካ እንቁራሪት አለ። የተዘጋጀ ዱቄት በውሃ ተለውሶ በወረንጦ ይሰጠዋል። ፊቱ ላይ ማወዛወዝ ግን ግዴታ ነው። ሐረር ላይ ለጅብ ስጋ በእንጨት ሲያበሉ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዱቄቱን ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ከሌለ ግን አልመክርም፤ ሲያልቅ ወደ ፌንጣው መመለሳችሁ ነው።

ገንዳውን በተመለከተ፣ የተዘጋጀ አኳሪየም ከአዲስ አበባ ከማስጫን መስታወት ቤት ማሠራት ይሻላል። በመንገድ ይሰነጠቃል። ሲሊኮኑ ሻጋታ መከላከያ የሌለበት እንዲሆን ንገሯቸው። ርካሽ ከፈለጋችሁ ድሬ ታይዋን ገበያ የሚሸጠው ባለክዳን የፕላስቲክ ሳጥንም ይሠራል፤ ክዳኑን ለአየር ብሱት። እንቁራሪቱ ዘሎ ስለሚወጣ ግን ክፍት አትተዉት።

የድሬ ውሃ ጀበናውን ነጭ እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ለነዚህ እንስሳት ያ ብዙም አያስፈራም፤ የሚጎዳቸው ክሎሪን ነው። ውሃውን በባልዲ ቀድታችሁ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሩት፣ የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ባልዲውን በጨርቅ ሸፍኑ። በ2011 ትንኝ የምታስተላልፈው የቺኩንጉንያ በሽታ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር ያየን ሰዎች ክፍት ውሃ ቤት ውስጥ አናሳድርም።

ፍሊት ደግሞ እባካችሁ! እንቁራሪት በቆዳው ጭምር ይተነፍሳል፣ ፍሊቱ ውሃው ላይ ካረፈ ይገድለዋል። አጎበር ተጠቀሙ፣ ወይም ገንዳውን ሌላ ክፍል አድርጉት። መብራት ሲጠፋና ሙቀቱ ሲበረታ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ውሃው ላይ አንሳፍፉ። መብራት ካለ ትንሽ ቬንትሌተር ወደ ውሃው ፊት ብታዞሩ በድሬ ደረቅ አየር ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንሳል።

ልጁ ገንዳውን በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ እንቁራሪቶች ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ሲሰለቻችሁም ደቻቱ ወንዝ አትልቀቁት። ባለጥፍሩ ካሊፎርኒያና ቺሊ ተለቆ የአገሬውን እንስሳ እየበላ ተራብቷል። ከወንዝ መያዝም ይቅር፣ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይያዝም።

ስትገዙ የፊት እግሩን እዩ። ጣቶቹ መሃል ስስ ቆዳ ካለ ድንኩ ነው። ጣቶቹ ለየብቻ ከሆኑ ባለጥፍሩ ነው፣ ነጭና ትንሽ ስለሆነ ብቻ «ድንክ ነው» ብለው ይሸጡላችኋል። እኔን አንድ ነጋዴ እንዲህ አድርጎኛል፤ በሦስት ወር ውስጥ አብረውት የነበሩትን ሁለት ድንኮች በላቸው። ሻጩንም እዚያው ፊታችሁ እንዲመግበው ጠይቁት። የሞተ ምግብ የማይበላ ከሆነ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።