የኪራይ ቤት ግዢ፦ በግል ስም ወይስ በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት)?
ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ አንድ ምክር። ከወንድሜ ጋር ሜሪላንድ ውስጥ ለኪራይ የሚሆን ዱፕሌክስ (ሁለት መኖሪያ ያለው ቤት) ልንገዛ ነው፤ በማን ስም እንደምንይዘው ግን መወሰን አቅቶናል። በግል ስማችን ከሆነ የ30 ዓመት ብድር በተሻለ ወለድ ይገኛል፤ ተከራይ ተጎድቶ ቢከሰን ግን የግል ንብረታችን ይጋለጣል። ኤልኤልሲ ይህን ይቀንሳል፤ ሆኖም በየዓመቱ ለስቴቱ 300 ዶላርና ፎርም 1065 (የሽርክና የፌዴራል ታክስ ማስታወቂያ) ይከተላሉ። የእርጅና ተቀናሹ (የሕንፃው ዋጋ በየዓመቱ ከሚታክስ ገቢ ላይ የሚቀነስበት) በሁለቱም መንገድ 27.5 ዓመት ነው፣ እሱ አያስጨንቀኝም።

የጨነቀኝ በስማችን ገዝተን በኋላ ወደ ኤልኤልሲ ማዛወሩ ነው። ባንኩ ባለቤትነቱ ተላልፏል ብሎ ቀሪውን ብድር ባንዴ ክፈሉ ሊል ይችላል፤ የ1982ቱ የፌዴራል ሕግ ለቤተሰብ ዝውውር እንጂ ለኤልኤልሲ ከለላ አይሰጥም። አስቀድማችሁ ከባንክ የጽሑፍ ፈቃድ ያገኛችሁ አላችሁ? የታይትል ኢንሹራንሱስ (የባለቤትነት መብት መድን) ከዝውውሩ በኋላ ጸና? ወይስ በስማችን ይዘን አምብሬላ ኢንሹራንስ (ተጨማሪ የተጠያቂነት መድን) ብንጨምር ይበቃል?