ወደ ባዮስፌር 2 የሚደረግ የልጆች ጉብኝት፦ የጋራ ረቂቅ ማረሚያ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በፊኒክስ የሚኖሩ ልጆቻችንን በአሪዞና ኦራክል ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ባዮስፌር 2 ለመውሰድ ያዘጋጀነው ረቂቅ ለኮሚቴው ከመቅረቡ በፊት እንድታርሙት ይኸው። ቦታው 1.27 ሄክታር የሚሸፍን፣ ከውጭው አየር ተለይቶ እንዲዘጋ በብረትና በመስታወት የተሠራ ሕንፃ ሲሆን፣ በውስጡ የዝናብ ደን፣ ሳቫና፣ በረሃና አነስተኛ ባሕር ይገኛሉ። በዓላማው ሥር «ልጆች ስለ ተፈጥሮ ግንዛቤ እንዲያገኙ» ብዬ ጽፌአለሁ።

የቅዳሜ ትምህርት አስተባባሪ፦
ስለ ድካምዎ እያመሰገንኩ፣ ይህ ዓላማ ለመካነ አራዊት ጉብኝትም ቢጻፍ የማያሳፍር በመሆኑ እንዲጠብ እጠይቃለሁ። እኔ የምመርጠው «ኦክስጅኑ የት ሄደ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1991 ስምንት ሰዎች ከውጭው ዓለም ተለይቶ የመኖር ሙከራ ለማድረግ ገብተው በሩ ከተዘጋባቸው በኋላ፣ 20.9 በመቶ የነበረው ኦክስጅን በ16 ወራት ውስጥ ወደ 14 በመቶ ገደማ በመውረዱ፣ በጥር 1993 ከውጭ ኦክስጅን ማስገባት ግድ ሆነ። በእርሻው ለም አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ኦክስጅኑን እየተጠቀሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጡ ነበር፤ ዕፅዋቱ ያን ወስደው ኦክስጅን እንዳይተኩበት ደግሞ የሕንፃው ኮንክሪት እየመጠጠ ካልሲየም ካርቦኔት አደረገው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት በክዳናም ብልቃጥ ውስጥ እርጥብ ኮምፖስትና በስኒ የኖራ ውሃ አብረን ብናስቀምጥ፣ ከኮምፖስቱ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የኖራው ውሃ እየመጠጠ፣ ገጹ ስስ ነጭ የካልሲየም ካርቦኔት ቆዳ ሲለብስ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩታል። ግድግዳው የሠራውም ይህንኑ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦
በዓላማው እስማማለሁ፤ በጊዜው ግን አልስማማም። ረቂቁ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ሰኔን መርጧል፤ ባለፈው የበጋ ጉዞ የተከራየነው አውቶቡስ ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ልጆቹ እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርገው የተመለሱበትን ቀን ግን የረሳ ያለ አይመስለኝም። ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቢሆን ሙቀቱም ይበርዳል፣ ጾመ ነቢያትም ስላልገባ የምሳው ጉዳይ ይቀልልናል።

አንዲት እናት፦
እኔ አይቼው ስለመጣሁ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ደረጃው ብዙ ነውና ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያቶች አስቀድመው ይነገራቸው። ሁለተኛ፣ «ሳንባ» የሚሉት ክፍል እንዳይታለፍ። ቀን ቀን አየሩ በፀሐይ ሲሞቅ ተለጥጦ መስታወቱን እንዳይሰብር፣ ጣሪያው በጎማ የተንጠለጠለ ሰፊ አዳራሽ ሠርተውለታል፤ አየሩ ሲሰፋ ጣሪያው ይነሣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይወርዳል። በሩ ሲከፈት የወጣው ነፋስ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፎ ሊወስደው ነበር። ለታናናሾቹ ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ ይህ ይገባቸዋል።

አንጋፋ አባል፦
ልጄ፣ ደረጃውን ስላሰብሽልን ተባረኪ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ባሰላው፣ ሰዎቹ የገቡት መስከረም 15 ቀን 1984 ዓ.ም. በደመራ ዋዜማ ሲሆን፣ የወጡት መስከረም 16 ቀን 1986 ዓ.ም. በደመራው ዕለት ነው። ለልጆቹ ንገሯቸው፤ አይረሱትም። የቡና ዛፍም ነበራቸው፤ ይሁንና ፍሬው ጥቂት ስለነበር የሚጠጡት አልፎ አልፎ ብቻ ነበር። እኔ እዚያ ብሆን ከኦክስጅኑ በፊት በዚህ አቤት እል ነበር።

የቅዳሜ ትምህርት አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ ቡናውን ለመግቢያ ትምህርት እወስደዋለሁ። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ አሁን የሚሠራውም እንዲካተት እፈልጋለሁ፤ በቀድሞው እርሻ ቦታ እያንዳንዳቸው 30 ሜትር ርዝመት ባላቸው ሦስት ሰው ሠራሽ ተዳፋቶች ላይ ሰው ሠራሽ ዝናብ እያዘነቡ፣ የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንዴት አፈር እንደሚሆን ያጠናሉ። ትላልቆቹ ልጆች እዚያ ይቆዩ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እንግዲህ ዓላማው እንዲህ ተሻሽሏል፦ «ልጆች እ.ኤ.አ. በ1991 የተዘጋው አየር ኦክስጅኑ ለምን እንደቀነሰ ከሙከራቸውና ከቦታው ተነሥተው በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱ።» ጉዞው በኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይሆናል። ሒሳብ ያዡ የሁለት አውቶቡሶችን ዋጋ ጠይቀው፣ ማቀዝቀዣው በዋዜማው መፈተኑ በውሉ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። ብልቃጥ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ አምጡልን፤ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይሁን።