ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 118 ሆኖ ስትሮክ ይመጣል እንዴ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አባቴ ባለፈው ወር ቀኝ እጁ ዝሎ አፉ ተጣመመ። ሲቲ ስካን ሲነሳ የጭንቅላት ደም ስር ተዘግቷል ተባለ። ኤልዲኤሉ ግን 118 ነው፣ ያን ያህል አልበዛም። አንድ ሰው ደግሞ ዋናው ኮሌስትሮሉን የሚሸከመው ቅንጣት ዓይነት ነው፣ ትንንሾቹ ናቸው አደገኞቹ አለኝ። እውነት ነው? ምን ላስመርምር?

ሳቢያን፦
እግዜር ይማርልህ ወንድሜ። ኮሌስትሮል ደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም፣ ቅንጣቶች ተሸክመውት ነው። 118 የሚለው የጭነቱን መጠን እንጂ የጅቡቲ መንገድ ላይ ስንት መኪና እንዳለ አይነግርህም። እያንዳንዱ የኤልዲኤል ቅንጣት አንድ አፖቢ የሚባል ፕሮቲን አለው፣ ስለዚህ አፖቢ ሲለካ ብዛታቸው ይታወቃል። ትንንሾቹ የሚበዙት ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ ከፍ ሲል፣ ስኳርና ቦርጭ ሲኖር ነው። ትልልቆቹም ግን የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ይገባሉ። ለኔ ከመጠናቸው ብዛታቸው ይበልጣል።

ነርሷ፦
ግፊቱስ ስንት ነው? ለስትሮክ ትልቁ መንስኤ ደም ግፊት ነው፣ እባክህ ቅንጣት ስትቆጥር እሱን እንዳትረሳ። የልብ ምቱ መዛባቱም ይታይ። ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባል ሌላ ቅንጣትም አለ፣ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው፣ ከፍ ካለ እናንተ ልጆቹም ተመርመሩ።

መጋላ፦
በ2006 የወጣው የስፓርክል ጥናት ስትሮክ ይዟቸው ኤልዲኤላቸው ከ100 እስከ 190 የነበሩ ሰዎችን ነው ያየው። አቶርቫስታቲን የሚባለው ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት በ80 ሚሊግራም ዳግም ስትሮክን ቀንሷል፣ ጭንቅላት ውስጥ የመድማት ነገር ግን ትንሽ ጨምሯል። ስለዚህ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን፣ ታዞለት ከሆነ ደግሞ «ኮሌስትሮሉ ደህና ነው» ብላችሁ እንዳታስቆሙት።