ዋቱ ይብዛ ወይስ ሽቦው ይስተካከል?

አወያይ (ደሴ)፦
ሰላም ጀማዓው! ጉዳዩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ለአማተር ሬዲዮ (ለትርፍ ሳይሆን በፍላጎት በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች) ክበባችን ፈቃድ ጠይቀን እየጠበቅን ነው። 100 ዋት የሚያወጣ ሬዲዮ በእጃችን አለ። ውጭ አገር ያለ የወሎ ልጅ "ልርዳችሁ" ብሏል። ወይ የሬዲዮውን ኃይል አጉልቶ 600 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ይልካል፣ ወይ በዚያው ብር የአንቴና ሽቦ፣ ወፍራም ገመድ፣ ባትሪና ሶላር። ሁለቱን አይችልም። ዓላማችን ስልክ ሲጠፋ ከደሴ ወልድያን፣ መካነ ሰላምንና አዲስ አበባን ማግኘት ነው። የ2014ቱን ጊዜ የረሳ ያለ አይመስለኝም። እስከ እሑድ መልስ እንስጠው። ተከራከሩ፣ ስድብ ግን የለም።

ኮምቦልቻ፦
ይኼ ደሞ ምን ያከራክራል? አምፕሊፋየሩ ነዋ! ሽቦ እዚሁ ይገዛል። ለምሰሶው ባሕር ዛፍ ከጓሮ ይቆረጣል። 600 ዋት ግን ከየትም አታመጡትም። አገሩ ደግሞ ወሎ ነው፣ ጋራ በጋራ። እንዲህ ያለ አገር ጉልበት ይፈልጋል።

መምህሩ (ወልድያ)፦
ልጄ፣ ጋራን በዋት አታልፈውም። ከደሴ ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ145 ሜጋኸርዝ በእጅ ሬዲዮ ብትጣራ ግን ሐረጎ ላይ ያለው ጋራ ይጋርድሃል። በ5 ዋት ያልተሰማህበት ጥግ በ50 ዋትም ብዙውን ጊዜ አትሰማም። ቶሳ ግርጌ ቆሞ ከጀርባው ያለውን መንደር በእጅ ባትሪ ለማየት እንደመሞከር ነው። ባትሪውን ብታተልቀው የሚበራልህ ያው የፊት ለፊቱ ድንጋይ ነው። ያለህ ምርጫ ጋራው ላይ መውጣት ወይም በላይ በኩል መዞር ነው።

በላይ በኩል የሚዞረው በአጭር ሞገድ ነው። ለ7 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሽቦ ትወስዳለህ፣ መሐሉን ቆርጠህ ገመዱን እዚያ ታገናኛለህ፤ ዳይፖል የሚባለው አንቴና ይኼ ነው። ከመሬት 6 ወይም 7 ሜትር ከፍ አድርገህ ስትዘረጋው አብዛኛው ሞገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። አዮኖስፌር የሚባለው፣ ሞገድ የሚመልሰው የላይኛው የአየር ንጣፍ ጋ ደርሶ ሲመለስ ዙሪያውን 300፣ 400 ኪሎ ሜትር ያዳርሳል። ሐረጎ መኖሩንም አያውቅ። አዲስ አበባ በመንገድ 400 ኪሎ ሜትር ትሁን እንጂ በአየር 250 ገደማ ናት። የምድር መግነጢስ ወገብ ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ስለዚህ ቀን ቀን ከላያችን ያለው ንጣፍ ጠንካራ ነው። ወደ ላይ የላክኸውን 7 ሜጋኸርዝ በደንብ ይመልስልሃል። ለዚህ ሥራ 100 ዋት ይተርፋል።

አሁን ቁጥሩን ተመልከት። የሚመጣውን ድምፅ ጥንካሬ በሚያሳየው በሬዲዮው ኤስ ሜትር ላይ እያንዳንዱ ነጥብ የ6 ዲሲቤል (የጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ለውጥ ነው። 6 ዲሲቤል ለመጨመር ኃይልህን አራት እጥፍ ማድረግ አለብህ። ከ100 ወደ 600 ብትሄድ 8 ዲሲቤል እንኳ አይሞላም። ሰሚው ሜትሩ ላይ የሚያየው ለውጥ አንድ ነጥብ ከምናምን ነው። ያ ሁሉ ብር ለዚህ?

የደሴ ልጅ፦
እኔማ 100ውም በዝቷል ባይ ነኝ። 5 ዋት ይበቃል! ቮዬጀር 1 እ.ኤ.አ. በ1977 የተላከች መንኮራኩር ናት። ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምታስተላልፈው በ23 ዋት ገደማ ነው። ኤፍቲ8 የሚባለው የኮምፒውተር ዘዴም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው። በ5 ዋት ከአፍሪካ ጃፓን ይገባል። በጆሮ የማይሰማውን ነው ኮምፒውተሩ የሚያነበው።

ኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ረጋ በል። ቮዬጀርን የሚሰማት 70 ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ነው። ወልድያ ላይ ማን ሊተክልልህ ነው? ኤፍቲ8ም ቢሆን በየ15 ሰከንዱ ነው የሚልከው። በነፃ የምትጽፍበት ቦታ በአንድ ጊዜ 13 ፊደል ነው። "ድልድዩ ፈርሷል፣ መድኃኒት ላኩ" ብለህ በ13 ፊደል ጻፍልኝ እስቲ!

መምህር፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ ያቺ "አንድ ነጥብ ከምናምን" በመሰማትና ባለመሰማት መካከል ብትገኝስ? እርስዎ የቀኑን ነው የነገሩን። ማታ 7 ሜጋኸርዝ ለቅርብ ሰው ሲደክም 80 ሜትር ወደሚባለው የሞገድ ክልል፣ ወደ 3.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ መውረድ አለብን። ሐምሌና ነሐሴ 80 ሜትር ላይ መብረቁ ሲንጫጫ ሰምተው ያውቃሉ? የሰው ድምፅ ውስጡ ይሰጥማል። እዚያ ላይ 8 ዲሲቤል ማለት "ድገም፣ ድገም" ማለት ይቀራል ማለት ነው።

መምህሩ (ወልድያ)፦
ይኼ እውነት ነው። የክረምቱን ማታ አልክድህም።

ሐይቅ፦
ሁላችሁም ስለ መናገር ብቻ ነው የምታወሩት። መስማትስ? አምፕሊፋየር ጆሮ አይጨምርም። ጥሩ አንቴና ግን በመላኩም በመቀበሉም ያግዛል።

የኔን ላሳያችሁ። ቤቴ የአጭር ሞገድ መቀበያ አለኝ። ማታ ማታ ምንም ጣቢያ ሳይኖር ሜትሩ 7 ላይ ቆሞ ሽሽሽ ይላል። የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፍቼ በባትሪ ብከፍተው 3 ላይ ወረደ። ከዚያ አንድ በአንድ እየሰካሁ ጥፋተኛውን ፈለግሁ። ያ ስም የሌለው ርካሽ የስልክ ቻርጀርና ሁለት የኤልኢዲ አምፖሎች ሆነው ተገኙ። ከ7 ወደ 3 አራት ነጥቦች ናቸው፤ በመምህር ሒሳብ ይኼ 24 ዲሲቤል ነው። ያን ጫጫታ በዋት ልለፈው የሚል ሰው 100 ዋቱን 25,000 ማድረግ ሊኖርበት ነው! እኔ ግን ቻርጀሩን ነቀልሁት።

ገመዱም አለ። የባትሪውን ገመድ ማለቴ ነው፣ ማንም የማያስበውን። 100 ዋቱ ሬዲዮ ስትናገሩበት በ13.8 ቮልት ወደ 20 አምፔር ይስባል። በቀጭን ሽቦ ካገናኛችሁት ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ድምፃችሁን ከፍ ባደረጋችሁ ቁጥር የሬዲዮው መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሰውየው ራሱ ራዲዮኑን ይረግማል እንጂ ገመዱን አይጠረጥርም። ለ145 ሜጋኸርዝም ቀጭኑን የአንቴና ገመድ 30 ሜትር ብትዘረጉት አንቴናው ጋ የሚደርሰው የላካችሁት ሩብ ያህሉ ነው። 600 ዋት ገዝቶ 450ውን ገመድ ማሞቂያ ማድረግ ማለት ነው።

አወያይ (ደሴ)፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። ስልክ በጠፋበት ቀን መብራት ይኖራል?

ሐይቅ፦
እሱን ነው! 600 ዋት ለማውጣት አምፕሊፋየሩ ከመስመር ከ1,000 ዋት በላይ ይበላል። ጄኔሬተር ግድ ነው። ቤንዚን ደግሞ በእንዲህ ያለ ጊዜ የት እንደሚገኝ የደሴ ሰው ይንገረን።

የደሴ ልጅ፦
ሌላም አለ፣ እንዳትስቁ። በዚያ ኃይል ሰፈር መሐል ስትጮህ የመስጊዱ ማይክ ውስጥ ብትገባስ? መግሪብ አዛን መሐል "ወልድያ፣ ወልድያ፣ ይሰማል?" ቢል ሽማግሌ ሊላክብን ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ያው ነው፣ ቅዳሴ ላይ እንዳትገባ። ድምፅ ማጉያ ገመዱ ረጅም ስለሆነ ሳይፈልግም አንቴና ይሆናል።

ኮምቦልቻ፦
ሳቅሁ፣ ግን ሐቅ ነው። ለሱ ማጣሪያ አለው። ረጅሙን ገመድ ፌራይት የሚባል፣ የሬዲዮ ሞገድ የሚያግድ የማግኔት ቀለበት ላይ መጠምጠም ነው።

የረሳችሁት ግን አለ። የኢትዮጵያ መጥሪያ፣ ማለትም የሬዲዮ ጣቢያ መለያ ስም፣ በኢቲ ይጀምራል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ነው። ኢቲ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። አየር ላይ በወጣን ቀን መቶ ሰው ባንድ ላይ ይጠራናል። ለማን እንደመለስን ካልሰሙ ሁሉም እየተደራረበ ይጮሃል። እዚያ ላይ ትልቅ ኃይል ሥርዓት ያስይዛል። በሩቁ ዓለም ልጆቻችንን ማስተዋወቅ ዓላማ አይደለም?

መምህሩ (ወልድያ)፦
መልካም ዓላማ ነው። ግን ቅድሚያው እሱ አይደለም። ለሩቁም ቢሆን ሽቦውን ከፍ አድርጎ መስቀል ይቀድማል። ለቅርቡ 6 ሜትር ላይ የዘረጋነው ለጃፓን አይመችም፣ ሁለተኛ ሽቦ ያስፈልጋል። የሚጠሩን ሰዎች ብዙዎቹ ትላልቅ አንቴና ያላቸው ናቸው። በ100 ዋት ይሰሙናል። የእኛ ችግር እነሱን መስማት ነው የሚሆነው።

አወያይ (ደሴ)፦
እስካሁን ያለው ሚዛን ወደ አንቴናና ባትሪ ያደላል። የምልክለት ይኼን ነው፦ የሁለት ዳይፖል ሽቦ፣ አንዱ ለ7 ሜጋኸርዝ አንዱ ለ80 ሜትር፣ ወፍራም የአንቴና ገመድ፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ሶላር፣ ወፍራም የባትሪ ገመድ። ኮምቦልቻ፣ ትቃወማለህ?

ኮምቦልቻ፦
ላኩለት። ፌራይቱን ግን ጨምሩበት፣ 100 ዋትም ማይክ ውስጥ ይገባል። ለክረምቱ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ ነሐሴ ማታ ከመካነ ሰላም ሦስት ጊዜ "አልተሰማም፣ ድገም" ከተባልን የአምፕሊፋየሩን ጥያቄ እኔው እከፍተዋለሁ። ያኔ ሒሳብ እንዳታመጡብኝ።