ዱባይ ቤት የገዛ አይባረርም ያለው ማነው?

(ዴይራ፣ ማሪናና ካራማ የዱባይ ሠፈሮች ናቸው፤ ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በሠፈራቸው፣ በከተማቸው ወይም በሥራቸው ነው።)

የዴይራው፦ ትናንት አንድ የቤት ደላላ ቲክቶክ ላይ ቀጥታ ገብቶ «ኪራይ የምትከፍሉ የሰው ዕዳ እየከፈላችሁ ነው። ዱባይ ቤት ያለውን ማንም አያስወጣውም» ሲል ሰማሁ። በጣም ነው ያናደደኝ። የሚሰሙት እኮ በሰው ቤት ሠርተው ያጠራቀሙ እህቶቻችን ናቸው።

ማሪና፦ ምን አጠፋ? እኔ በየዓመቱ የኪራይ ቼክ መጻፍ ሰልችቶኝ ነው የገዛሁት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሕግ በተፈቀዱት ሠፈሮች ለውጭ ሰው ሙሉ ባለቤትነት ሰጥቷል። ካርታው በስሜ ነው። አከራይ መጥቶ ውጪ አይለኝም።

የዴይራው፦ «ማንም» ነው ያለው እህቴ፣ አከራይ አላለም። የባንክ ብድር ካለብሽና መክፈል ካቃተሽ ባንኩ ያስወጣሻል። ቪዛሽ በሥራሽ ከሆነና ሥራው ከቀረ ደግሞ ቤቱ ይቀራል፣ አንቺ ትሄጃለሽ።

ማሪና፦ ለባለንብረትም ቪዛ አለ። ለምን ትደብቃለህ?

የዴይራው፦ አልደበቅኩም። ጎልደን ቪዛ የሚባለው የ10 ዓመቱ የመኖሪያ ፈቃድ የ2 ሚሊዮን ድርሃም ንብረት ይጠይቃል። ከእኛ ልጆች ይህ ያለው ስንቱ ነው? አጭሩም ቪዛ ቢሆን ታመለክቻለሽ፣ ታሳድሻለሽ። ከቁልፉ ጋር አይሰጥሽም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ቁጥሩን ላስቀምጠው። ቤቱ 800,000 ድርሃም ነው እንበል። ባንክ ለውጭ ዜጋ የመጀመሪያ ቤት ከ80 በመቶ በላይ አያበድርም፤ 160,000 ከኪስ። ለመሬት መምሪያው 4 በመቶ፣ 32,000። ለደላላ አብዛኛውን ጊዜ 2 በመቶ፣ 16,000። ቁልፍ ሳይያዝ 208,000 ወጣ። ከዚያ ሰርቪስ ቻርጁ፣ ማለትም የሕንፃው የጋራ አገልግሎት ክፍያ፣ በካሬ ጫማ እየተሰላ በየዓመቱ ይመጣል፣ ቤቱ ባዶም ቢሆን።

ማሪና፦ ኪራዩንስ ለምን አትደምርም? እሱ ሄዶ የቀረ ነው። ብድር ግን አንድ ቀን ያልቃል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ከእ.ኤ.አ. 2008ቱ ቀውስ በፊት የገዙትን ጠይቂያቸው። ዋጋው ግማሽ ገደማ ሲወርድ መኪናቸውን ኤርፖርት አቁመው ከአገር የወጡ ነበሩ።

ማሪና፦ እስከ መቼ በ2008 ታስፈራሩናላችሁ? ያኔ ፈርተው የተዉት ናቸው ዛሬ የሚቆጩት።

ካራማ፦ ተከራይም እኮ መብት አለው። የጓደኛዬ አከራይ «ቤቱን ልሸጠው ነው፣ በሁለት ወር ልቀቂ» ብሎ በዋትስአፕ ላከላት። ኮንትራቷ ኢጃሪ፣ ማለትም የኪራይ ውል መዝገቡ፣ ላይ ተመዝግቧል። ለመሸጥ ብሎ የሚያስለቅቅ የ12 ወር ማስጠንቀቂያ በኖታሪ ወይም በአደራ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ይህንን ስትጽፍለት ዝም አለ።

ሹፌሩ፦ ሻርጃም እንዲሁ ነው?

ካራማ፦ አይደለም። ኢጃሪ የዱባይ ነው። የሻርጃው ሕግ ሌላ ነው፣ እዚያው ጠይቅ።

የዴይራው፦ ስሙ ኢጃሪ ላይ ያለ ሰው ይከራከራል። አልጋ ብቻ የተከራዩትስ? እኛ ሕንፃ ላይ ዋናው ተከራይ የወሩን ሰብስቦ ጠፋ። ማታ ስገባ ኮሪደሩ ላይ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስና ጀበና ተደርድሯል። ልጆቹ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ስልክ ይደውላሉ። ከፍለዋል፣ ግን አንድ ወረቀት ላይ ስማቸው የለም። ደላላው ግዙ የሚላቸው እነሱን ነው።

አዲስ አበቤው፦ ያንን 208,000 አገር ቤት አምጡት። መሬቱ በሊዝ ቢሆንም አገራችሁ ነው። የውጭ ዜጋ እንኳ ከ150,000 ዶላር ጀምሮ ቤት እንዲይዝ አዋጅ ወጥቶለታል። እናንተን ምን አስፈራችሁ?

ካራማ፦ ምን አስፈራን? እህቴ እዚያው አገር ቤት ከፍላ ሕንፃው መሠረቱ ላይ ቆሟል። ዱባይ ያላለቀ ቤት ሲሸጥ የገዢው ገንዘብ በዝግ አካውንት እንዲገባ ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ሕግ አለ። ገንቢው እንደፈለገ አያወጣውም።

አዲስ አበቤው፦ አንድ ሌባ በላሽ ተብሎ አገር አይሰደብም።

ካራማ፦ አገር የሰደበ የለም። ገንዘባችን የት ገባ ነው ያልነው።

ማሪና፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። ከአከራይ ነፃ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

የዴይራው፦ ከአከራይ በይ፣ እስማማለሁ። «ማንም» ግን አትበይ።

ማሪና፦ ታዲያ እኔን ከምትይዘኝ ለሰውዬው አትጽፍለትም?

የዴይራው፦ ጽፌ ነበር። አስተያየቴን አጥፍቶ አገደኝ። ነገ ማታ 3 ሰዓት ድጋሚ ይገባል። ስለ ቪዛውና ስለ 208,000ው የሚጠይቁልኝ ሰዎች እፈልጋለሁ።

ካራማ፦ እኔ አለሁ።

ማሪና፦ እኔም እገባለሁ፤ ግን መግዛት ጥሩ ነው ለማለት ነው።